ከዲኤክስ እስከ ኤሌክትሪክ፦ በጎጃም መንገድ የተፈተኑ መኪኖች ንጽጽር

ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ሃያ ሠላሳ ዓመት መኪና የያዘ ቤተሰብ የመኪና ታሪኩ ብዙም አይለያይም። መጀመሪያ ዲኤክስ፣ ቀጥሎ ሌላ ኮሮላ፣ ከዚያ ቪትዝ ወይም ያሪስ፣ እጅ ፈታ ሲል ራቭ ፎር ወይም ፒክአፕ። አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ቀጣዩን ለመምረጥ የቀደሙትን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ትዝታ ግን ያዳላል። ዲኤክስ «አይበላሽም ነበር» ሲባል የሚረሳው፣ ባለቤቱ በየሳምንቱ ኮፈኖ ከፍቶ ካንዴላ ሲጠርግና ካርቡራተር ሲነካካ መዋሉ ነው። ቪትዝ «ቆርቆሮ ነው» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ገብቶ፣ አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ኮረኮንች ላይ የዋለው ነው።

ስለዚህ «የቱ መኪና ጥሩ ነው?» ከማለት በፊት ሁለት ጥያቄ ይመለስ። ነሐሴ ላይ በዚህ መኪና የት ድረስ ነው የምሄደው? ሲበላሽስ ማን ይፈታዋል፣ ዕቃውስ ከየት ይመጣል? የሞዴል ዓመትና ቀለም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። (ከዚህ በታች የመኪኖቹ የምርት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ መንገዱ

ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት ከመኪና ብዙ አይጠይቅም። ሕይወትዎ በሙሉ እዚያ ላይ ከሆነ ማንኛዋም ትንሽ መኪና ትበቃለች።

አባይ በረሃ ሌላ ነገር ነው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዱና ድልድዩን ተሻግረው ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣሉ። ቁልቁለቱ ፍሬን፣ ዳገቱ ራዲያተርና ፍሪሲዮን ይፈትናል። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው መኪናውን የሚመርጠው በዚህች ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር መለኪያ ነው።

ሦስተኛው ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከአዴት ዋና መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ከፓራፋንጎው ሥር ይሞላና ጎማውን ራሱን ቀርቅሮ ያቆመዋል። እዚህ ላይ አራቱም ጎማ መሳቡ ብቻ አያድንም፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ነው ወሳኙ። መኪናው ከፍ እንዲልላቸው ከልኩ በላይ ጎማ የሚያስገጥሙ ሰዎች ይህንኑ ክፍተት ይዘጉትና ክረምት ሲገባ ይቆጫቸዋል። የዳንግላና የመራዊ ቀይ አፈር ከዋልካ ይሻላል። የእሱ ጣጣ በጋ ላይ አቧራው ነው፤ የአየር ማጣሪያ 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ ተከፍቶ ካልታየ ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ይበላል።

ከመንገዱ ሌላ ከፍታው አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር ከመቶ ያህል ይቀንሳል። መጽሐፉ 70 የፈረስ ጉልበት የሚላት ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ማርቆስ ላይ የምትሠራው በ53 ገደማ ነው ማለት ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይጠቁራል። መካኒኮች «ፋሻ ጨርሷል» ብለው ሞተር ከማስወረዳቸው በፊት የካርቡራተሩን ጂግለር (ቤንዚን የሚለካውን ቀዳዳ) ማየት አለባቸው።

ዲኤክስና የቀድሞዎቹ ኮሮላዎች

ዲኤክስ ስንል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣውን፣ በኋላ ጎማ የሚሄደውን፣ ባለ 4ኬ ሞተር ኮሮላ ነው። ሞተሩ 1,290 ሲሲ ነው፤ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በሰንሰለት ስለሚዞር የቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) መበጠስ ስጋት የለም። ቫልቩ ሃይድሮሊክ ካልሆነ ሞተሩ ሞቆ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ላይ ይስተካከላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መፍቻ፣ ጠመንጃ መፍቻና የክፍተት መለኪያ ብቻ ነው። ትልቁ ዋጋውም ይኸው ነው፤ ከቲሊሊ እስከ ደብረ ወርቅ የትኛውም ከተማ የሚፈታው መካኒክ አይጠፋም።

ዛሬ ግን ዲኤክስ ለመግዛት ከባድ የሚያደርገው ሞተሩ ሳይሆን ቦዲው ነው። ወለሉ፣ የስፖርቴሎው ሥርና የኋላ ሾክ የሚታሰርበት ቦታ ዝጎ በስቱኮና በላሜራ የተሸፈነ በብዛት አለ። ሁለተኛው ጣጣ ወረቀቱ ነው። ብዙዎቹ ሞተር ተቀይሮላቸዋል፤ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ስም ማዛወር ላይ ይቆማል። ነዳጁም በሊትር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዛሬ ዋጋ ብዙ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚዞርና ራሱ ለሚጠግን ሰው ካልሆነ በስተቀር ናፍቆቱ ይበቃል።

ቀጥሎ የመጣው የፊት ጎማ የሚስበው ኮሮላ 2ኢ ሞተር (1,295 ሲሲ) ያለው ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ለውጥ ገባ፤ ቺንጋና በቀጫጭን የአየር ቱቦ የተተበተበ ካርቡራተር። ቱቦዎቹ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ ያኔ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ይበላል። ካርቡራተር ከመቀየር በፊት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ መቀየር ያዋጣል። ከኋላው የመጣው ባለ ኢንጄክሽን 4ኢ (1,332 ሲሲ) ከካርቡራተሩ ጣጣ ገላግሎናል፤ ቺንጋው ግን አልቀረም። በድሮ ዋጋ ቢገኝ ከቀድሞ ኮሮላዎች መካከል ዛሬም የሚገዛው ይኸኛው ነው።

ከ2000 ወዲህ የመጡት ኮሮላዎች ላይ ግን ቆም ይበሉ። ኮፈኖው ሥር ያለው ሞተር ኤንዜድ ነው ወይስ ዜድዜድ? ሁለቱም ሰንሰለት ናቸው፣ ሁለቱም ነዳጅ አያባክኑም፤ በሊትር 12 እስከ 14 ይሄዳሉ። ነገር ግን ከአውሮፓ የገቡት ብዙዎቹ 4ዜድዜድ (1,398 ሲሲ) ወይም 3ዜድዜድ (1,598 ሲሲ) ናቸው፤ እስከ 2005 ገደማ የተሠሩት ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ምክንያቱ ፒስቶኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ መሆናቸው ነው። ቀዳዳው በካርቦን ይደፈናል፣ የዘይት ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል። ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም ለጥቂት ወር ነው፤ ቀዳዳው የሰፋው አዲሱ ፒስቶን አብሮ ካልገባ ችግሩ ይመለሳል። አባይ በረሃ ይህን በሽታ ያጋልጣል። ቁልቁለቱን ሁሉ እግርዎን ከነዳጅ አንሥተው በማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ዘይት ይስባል፤ ድልድዩን አልፈው ነዳጅ ሲረግጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ይላል። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ብቻ የተሞከረ መኪና ይህን አያሳይም።

ቪትዝ፣ ያሪስ እና ዲዛየር

ነዳጅ ከሆነ ጉዳይዎ ቪትዝና ያሪስን የሚያህል ጥቂት ነው። ከ1999 እስከ 2005 የወጡት ባለ 997 ሲሲ ሞተር ናቸው፤ በሊትር 15 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 20 ሊትር ያደርሳል። በዚያው መንገድ ባለ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር 40 ሊትር ይጠጣል።

ቪትዝና ያሪስ ስማቸው ቢለያይም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የመጡበት ነው። ያሪስ ከአውሮፓ ሲመጣ መሪው በተፈጥሮው ግራ ነው። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ስለሆነ መሪው ቀኝ ነበር፤ እዚህ የሚነዳው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። ማዛወሩ ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ችግር የለውም። የሚታየው እንዲህ ነው፦ የዳሽቦርዱ መጋጠሚያ ክፍተት ካለው፣ የዝናብ መጥረጊያው በሾፌሩ በኩል ያለውን ጥግ ሳይነካ የሚያልፍ ከሆነ፣ በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ባለው ላሜራ ላይ የብየዳ ጠባሳና ያልተደፈነ ቀዳዳ ካለ በርካሽ ነው የተሠራው። የፍሬን ፔዳሉን ሲረግጡ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ መኪናውን ይተዉት። በዚያ ፍሬን አባይ በረሃ አይወረድም።

ያሪስ ሲገዙ ደግሞ ከ2005 በኋላ ከወጡት መካከል የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ነገር ግን ውስጡ ማኑዋል ካምቢዮ የሆነ ዓይነት አለ። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ሞተርና ኮምፒውተር ነው። ዳገት ላይ ሲቆም ያመነታል፤ ሲበላሽ ደግሞ በኮምፒውተር እንደገና ማስተዋወቅ ይጠይቃል። ለጎጃም ዳገት ፔዳል ያለው ይሻላል። ቪትዝ ላይም ሲቪቲ (በብረት ቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ካምቢዮ ያለው ካጋጠመዎት የራሱን ዘይት እንጂ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት አይጨምሩ፤ የብረት ቀበቶው ይንሸራተትና ካምቢዮው ያልቃል።

ድክመታቸው ከሥር ነው። ዝቅ ያሉ ናቸው። የሞተሩ ሥር መከላከያ ላስቲክ በጠፋበት መኪና ኮረኮንች ላይ ድንጋይ የዘይት ቋቱን ይመታዋል፤ ሾፌሩ የዘይት መብራት ሲያይ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። ያረጀ ጎሚኒና ቴስቲናም (የእግሩ ላስቲክና የመሪው መጋጠሚያ) በብዛት ይቀየርባቸዋል፤ ዕቃው ግን ርካሽ ነው፣ ባሕር ዳርም ማርቆስም ይገኛል። ያልተገኘው ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በማግስቱ በአውቶቡስ ይደርሳል።

ሱዙኪ ዲዛየር ለዚህ ምድብ ጥሩ ተቀናቃኝ ነው። 1,197 ሲሲ ነው፣ ከመሬት 163 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፣ ከያሪስ አዲስ ነው። ዳገት ላይ ከባለ 1,000 ሲሲው ይሻላል። ዕቃው አዲስ አበባ በደንብ አለ፤ ወደ ገጠር ከተሞች ሲወጡ ግን የቶዮታን ያህል አይገኝም። ሊፋን 520ም በዚህ ዋጋ አካባቢ ይገኛል። የሚገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚኖርበት ከተማ ሄዶ የፍሬን ሸራ፣ የውሃ ፓምፕና የፊት ኩሽኔታ መኖራቸውን ይጠይቅ። ሦስቱ ከሌሉ ዋጋው ለምን እንደቀነሰ መልሱ ያ ነው።

ራቭ ፎርና ቪታራ

ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ሥር ሲታዩ ግን ሌላ ናቸው። የድሮው ራቭ ፎር (ከ1994 እስከ 2000) ሞተሩ 3ኤስ ነው፣ 1,998 ሲሲ። አራቱም ጎማ የሚስበው ሁልጊዜ ይስባል፤ ዝቅተኛ ማርሽ (ለጭቃና ለዳገት ጉልበት የሚያበዛ ተጨማሪ ማርሽ) ግን የለውም። የድሮው ሱዙኪ ቪታራ ቦዲው የሚቀመጥበት የብረት መሠረት (ሻንሲ) አለው፣ ዝቅተኛ ማርሽም አለው፤ የፊት ጎማው የሚሳበው ሾፌሩ ሲያስገባው ብቻ ነው።

ዋልካ ውስጥ ቪታራ ይበልጣል። አስፋልት ላይና ለቤተሰብ ምቾት ራቭ ፎር። ሁለቱም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ራቭ ፎር ላይ አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ አንድ ያህል ያለቁ መሆን አለባቸው። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ ከሆነ መካከለኛው ዲፈረንሻል ያለማቋረጥ ይሽከረከርና ይሞቃል። ቪታራ ላይ ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱን አስገብተው አይንዱ፤ ኩርባ ላይ ፊትና ኋላው እኩል ስለማይዞር ክሮቸራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መጋጠሚያ) ይሰበራል።

ከ2000 በኋላ የወጣው ሁለተኛው ራቭ ፎር ሞተሩ 1ኤዜድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩ ምርመራ አለ። ከኋላ በኩል፣ ወደ ተሳፋሪው ያሉት የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቡሎኖች የሚገቡበት የአሉሚኒየም ጥርስ ይበላል። ቴስታታው ትንሽ ይነሣል፤ ውሃ ይጎድላል ግን መሬት ላይ ጠብታ አይታይም፣ ምክንያቱም ትኩሱ ሞተር ላይ ይተናል። ከቴስታታው ጀርባ በባትሪ መብራት ሲታይ ነጭ ወይም ሮዝ የደረቀ ጨው ካለ ያ ነው። ጉርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) መቀየር ብቻውን አይረባም፤ ቡሎኑን ሲያጠብቁት ጥርሱ ተከትሎ ይወጣል። የተበላው ቀዳዳ ተበስቶ የብረት ጥርስ ሲገባለት ነው የሚድነው።

ፒክአፕና ላንድክሩዘር

እህል ወይም ድንች የሚጭን፣ ከፋግታ ለኮማ ከሰል የሚያወጣ፣ ግንባታ ቦታ የሚመላለስ ሰው ስለ ቪትዝ ማውራት የለበትም። ሃይሉክስ ነው።

ሃይሉክስም ቢሆን ሁለት ትውልድ ነው። አሮጌዎቹ ናፍጣዎች 2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2,779) እና 5ኤል (2,986) ናቸው። ዝግ ያሉ ናቸው፤ አባይ በረሃ ላይ ተጭነው በሁለተኛ ማርሽ ይጎተታሉ። ግን ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው፣ ያልጠራ ናፍጣንም የተወሰነ ይችላሉ፣ ኮምፒውተር አይጠይቁም። ከሦስቱ 5ኤል ይመረጣል። ተርቦ ያለውን 2ኤል ግን ይጠንቀቁ፤ ሲሞቅ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ሦስቱም ቺንጋ አላቸው፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ የአንድ ቺንጋ ዋጋ ወደ ሙሉ የሞተር ጥገና ይለወጣል።

አዲሶቹ 2ኬዲና 1ኬዲ ፈጣኖች ናቸው፤ ተርቦ ስላላቸው ከፍታው ብዙም አይሰማቸውም። የሚፈሩት ናፍጣውን ነው። ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት የጀሪካን ናፍጣ ኖዝሉን (ናፍጣ የሚረጨውን) በጥቂት ቀን ይገድለዋል። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር የመግዛት ልማድ ያለበት ሰው ወይ 5ኤል ይግዛ ወይ ልማዱን ይተው። 1ኬዲ ላይ ደግሞ ከኖዝሉ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሲያፈስ ጥቀርሻው ዘይት ውስጥ ይገባል፤ የዘይት መምጠጫ ወንፊቱ ይደፈናል፣ የዘይት ግፊት ይወድቃል፣ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ ማረፊያ) ይነክሳል። ቀለበቱ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሻጩን «መቼ ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ላንድክሩዘር ባለ 1ኤችዜድ (4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር) ከሁሉ በላይ ጽኑ ነው። ጮቄ ግርጌ ክረምቱን ሙሉ የሚሠራ መኪና ከተፈለገ እሱ ነው። በሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ለቤት መኪና ማድረግ ግን ለመታየት እንጂ ለጉዳይ አይደለም።

ኤሌክትሪክ

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ ንጽጽሩ ተቀይሯል። ያገለገሉት የቤንዚን መኪኖች ዋጋቸው እየተሰቀለ፣ በዚያው ብር አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ይቻላል ወይ ወደሚል ደርሷል።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ለሚኖር፣ ግቢ ላለው ሰው መልሱ አዎ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ርቀቱም አጭር ነው። ተራ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 14 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በየማታው ሩቡን መሙላት ይበቃል። ነገር ግን ሶኬቱ ለብቻው ከቆጣሪ የመጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና መሬት የተቀበረ ኧርዝ ይኑረው። የቤት ማከፋፈያ ገመድ ስምንት ሰዓት ሙሉ 10 አምፔር ሲሸከም ሊቀልጥ ይችላል።

ለረጅም መንገድ ግን ስሌቱ አይደላም። ትንሹ ቢዋይዲ ሲጋል ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓቱ በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። የአገር አቋራጭ ፍጥነት ላይ ከሦስት እጁ ሁለቱን ብቻ ቢያስቡ 200 ነው። ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ነው። በዚያ ላይ 1.6 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ለመውጣት ብቻ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ብክነቱ ሲታከል ወደ 5 ይጠጋል። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ባትሪው ጎሐ ጽዮን ላይ ሙሉ ከሆነ ግን የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ፍሬኑ እንደ ተራ መኪና ይሞቃል። ከ80 ከመቶ በላይ ሞልቶ በረሃውን አለመግባት ይመረጣል።

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና መሙያ ቀዳዳው ከአውሮፓው ይለያል። ከመግዛትዎ በፊት ከተማዎ ውስጥ ያለው ፈጣን መሙያ የትኛው እንደሆነ ዐይተው ይወስኑ። ዋልካና ኮረኮንች ላይ ደግሞ ባትሪው ወለሉ ሥር መሆኑን አይርሱ፤ ቪትዝ ላይ የዘይት ቋት የሚመታው ድንጋይ እዚህ የሚያገኘው የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ነው።

ሲገዙ፦ በምን ቅደም ተከተል ይታያል

ማለዳ ይሂዱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ። ሻጩ «አሙቄ እጠብቅዎታለሁ» ካለ ሌላ ቀን ይቅጠሩ። ኮፈኖው ላይ እጅ አድርገው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ።

የራዲያተር ክዳኑን ይክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር እንደ አይብ ነጭ አረፋ ካለ ጉርኒሲዮን ነው። የክዳኑን ላስቲክና ሞላ ይመልከቱ፤ ይህች ትንሽ ክዳን በጎጃም ከፍታ ትልቅ ነገር ናት። ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ይህን ወደ 115 ይገፋዋል። ላስቲኩ የደረቀ መኪና የደጀንን ዳገት አጋምሶ ይፈላል፤ ብዙ ሰውም ራዲያተርና ውሃ ፓምፕ ቀይሮ ሲጨርስ ነው ክዳኑን የሚጠረጥረው።

ሞተሩን ያስነሡ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ላስቲክ፣ እየተነዳ ሰማያዊ ጭስ ፋሻ፣ ሞቆም የማይቆም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ሰንሰለት ያለው ሞተር ሲነሣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ቢንኳኳ ዘይት እስኪደርስ ነው፤ ከቀጠለ ሰንሰለቱ ተለጥጧል።

ኮምፕሬሽን ካስለኩ አንድ ነገር ይወቁ። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ስለሚያንስ ጤነኛ ሞተርም በሩብ ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ ያው ሞተር ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። የሚፈለገው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ ችግር አለ።

ቦዲውን በማግኔት ይዩት። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በየስፖርቴሎው፣ በፓራፋንጎውና በጣሪያው ምሰሶ ላይ ያስኪዱ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ አይያዝም። ስፖርቴሎ ላይ ጭረት ሊሆን ይችላል። ጣሪያው ምሰሶ ላይ ስቱኮ ካለ ግን መኪናው ተገልብጧል።

ፍሪሲዮን ለመፈተን የእጅ ፍሬን ጎትተው በሦስተኛ ማርሽ ለመነሣት ይሞክሩ። ወዲያው ከጠፋ ጤነኛ ነው፤ እየጮኸ ካልጠፋ አልቋል። የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሻጭ ጥቂት ነው። ዶት 3 አዲሱ በ205 ዲግሪ ይፈላል፤ ሁለት ዓመት እርጥበት የጠጣው በ140። ቁልቁለት ላይ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው መካኒክ ጋ ሲደርስ በሽታው የማይገኘው። አባይ በረሃ የሚመላለስ ዶት 4 ያድርግ፣ በየሁለት ዓመቱም ይቀይረው፤ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ራስዎ ከብረቱ ላይ ያንብቡ። ደላላው በስልክ ያነሣውን ፎቶ አይመኑ። የሻንሲ ቁጥሩ ዙሪያ አዲስ ቀለም ወይም የብየዳ ምልክት ካለ ሥራው እዚያው ይቁም። ሊብሬውን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደው ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንዳልሆነ ይጠይቁ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ያለፈበት ከሆነ ቅጣቱ ከዋጋው ይቀነስ። በውክልና ብቻ «በኋላ ይዞራል» ብሎ መግዛት ወካዩ ቢሞት ውክልናው አብሮ እንደሚያበቃ ረስቶ መግዛት ነው።

ለማን የቱ

ከተማ ውስጥ ለሚኖርና አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ለሚወጣ፦ ግራ መሪ ሆኖ የተሠራ ያሪስ ባለ ፍሪሲዮን ፔዳል፣ ካልተገኘ ዲዛየር። ከ2000 በኋላ ያለ ኮሮላ ለሚፈልግ ኤንዜድ ሞተር ያለውን ይጠብቅ። ለአስተማሪ፣ ለጤና ባለሙያ፣ በጋ ላይ ወደ ቀበሌ ለሚወጣ ሰው የድሮው ራቭ ፎር ይበቃል፤ ክረምቱንም ካልቀረ ቪታራ። ለጫኝ 5ኤል ሃይሉክስ። ኤሌክትሪክ ለባሕር ዳር ግቢ ላለው፤ በተለይ ለሁለተኛ መኪና። ዲኤክስ ያለው አይሽጠው፣ የሌለው አይግዛው።

በጀቱን ሙሉ በሙሉ መኪናው ላይ አያውጡ። ከመቶ አሥሩ ለመጀመሪያው ወር ይቀመጥ። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይህ ነው፦ የሞተር ዘይትና ማጣሪያ፣ የአየር ማጣሪያ፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ክዳንና ቱቦ። ቺንጋ ያለው ከሆነ ሻጩ «ባለፈው ዓመት ተቀይሯል» ቢልም ደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ከነውሃ ፓምፑና ከመወጠሪያ ኩሽኔታው ይቀይሩት፤ ለሦስቱም የሚፈታው አንድ ቦታ ስለሆነ የእጅ ዋጋው አንድ ነው። ከዚያ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ 5 ሊትር ውሃ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ አንድ የራዲያተር ቱቦ ከነማሰሪያው፣ ፊውዝና የመጎተቻ ገመድ ኋላ ይጫኑ። አካፋና ሁለት ሜትር ያህል የወፍራም ጣውላ ቁራጭ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጨመር፤ ዋልካ ውስጥ ክሪክ ብቻውን ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሥሩ ጣውላ ሲገባለት ነው መኪናውን የሚያነሣው።